ማርሹ ለምን ይዘገያል?

ዛሬ የምንመለከተው የአውቶማቲክ መኪናን ካምቢዮ ነው። ይኸውም የማርሹን ዱላ ወደ «ዲ» ወይም ወደ «አር» አስገብተው እግርዎን ከፍሬኑ ላይ ሲያነሡ መኪናው ዝም ብሎ ቆሞ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ከተቈጠረ በኋላ ድንገት «ገጭ» ብሎ ስለሚነሣበት ጠባይ ነው።

በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ከሚታዩት ትናንሽ የጃፓን መኪኖች ብዙዎቹ ፍሪሲዮን የማይረገጥባቸው ናቸው። ባለቤቶቻቸውም ሁሉ ባለጸጎች አይደሉም። ዕቁብ ጥሎ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ ከደመወዙ ላይ ዓመት ሁለት ዓመት ቈጥቦ ያገለገለ መኪና የገዛ የመንግሥት ሠራተኛ ብዙ ነው። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህም፣ በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ረዥም ዘመን እንዲያገለግል ግድ ሆኗል። ስለዚህ «እኔ መኪና የለኝም» የሚል ተማሪ ቢኖር እንኳ ይህን ገጽ አይለፈው፤ ነገ የሚገዛው መኪና ዛሬ በሌላ ሰው እጅ የሚታመመው ሊሆን ይችላል።

ማርሹ ሲዘገይ ሰው ሁሉ ከሁለት ነገር አንዱን ሲያደርግ ይታያል። አንዳንዱ «ብርድ ነው፤ ይለቀዋል» እያለ ወራት ያሳልፋል። ሌላው ደግሞ ደንግጦ በመጀመሪያ ወዳገኘው ጋራዥ ይሄድና «ካምቢዮው ተበልቷል፤ ይውረድ» የሚል ፍርድ ተቀብሎ ይመለሳል። የፊተኛው በጥቂት ዘይት ይድን የነበረውን ካምቢዮ ያቃጥላል፤ የኋለኛው ምናልባት አንድ ሊትር ዘይት ለጐደለው መኪና የስንት ወር ደመወዙን ይከፍላል። የዛሬው ምክራችን አጭር ነው፤ ካምቢዮው ከመከፈቱ በፊት አንድ ማለዳ፣ አንድ የእጅ ሰዓትና አንድ ንጹሕ ጨርቅ ይመድቡ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና የመዘግየቱን ምክንያት መፈለግ ከባለቤቱ ይጀምራል።

ዘይቱ የሚሠራው ሥራ

በእግር ፍሪሲዮን በሚነዳ መኪና ሞተሩንና ጎማውን የሚያገናኘውም የሚለያየውም የነጂው እግር ነው። በአውቶማቲክ መኪና ይህን ሥራ የሚሠራው ዘይት ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ጄኔራል ሞተርስ «ሃይድራ-ማቲክ» የተባለውን ካምቢዮ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለ1940 ዓ.ም. ኦልድስሞቢል መኪኖቹ ካቀረበበት ጊዜ ጀምሮ ማርሽ የሚይዘው በዘይት ግፊት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ከእርሱ ጋር አብሮ የሚዞር ፓምፕ ከካምቢዮው ሥር ካለው ገንዳ ዘይት በፊልትሮ በኩል እየሳበ ይገፋል። ዱላውን ወደ «ዲ» ሲያስገቡ በካምቢዮው ውስጥ ያለ አንድ ቫልቭ ተንሸራትቶ ለዘይቱ መንገድ ይከፍትለታል። ዘይቱም ወደ ፍሪሲዮኑ ክፍል ገብቶ ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑም ተደራርበው የተቀመጡትን ዲስኮች አንድ ላይ ያጣብቃቸዋል። ያን ጊዜ የሞተሩ ኃይል ወደ ጎማው ይተላለፋል።

እንግዲህ ማርሹ ዘገየ ማለት ዘይቱ ክፍሉን ሞልቶ በቂ ግፊት እስኪያገኝ ድረስ የሚፈጀው ጊዜ ረዘመ ማለት ነው። ከቦኖ ውሃ ጀሪካን ሲሞሉ ያስቡት። ጀሪካኑ ቶሎ የማይሞላው በአምስት ምክንያት ነው። ወይ በማጠራቀሚያው ውስጥ ውሃው አንሷል፤ ወይ ቧንቧው በቈሻሻ ተደፍኗል፤ ወይ የሚገፋው ኃይል ደክሟል፤ ወይ ቧንቧው በሙሉ አልተከፈተም፤ ወይ ደግሞ ጀሪካኑ ራሱ ያፈስሳል። በካምቢዮም ቢሆን እንደዚሁ ነው። ዘይቱ ጐድሏል፤ ፊልትሮው ተደፍኗል፤ ፓምፑ ደክሟል፤ ከዱላው ወደ ቫልቩ የሚሄደው ገመድ ልኩን ስቷል፤ ወይም የፒስተኑ ጎሚኒ ደርቆ ዘይት ያሳልፋል። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዱ በትንሽ ገንዘብ የሚድን ሲሆን፣ አንዳንዱ ካምቢዮውን አውርዶ መክፈትን ይጠይቃል። ለዚህ ነው መለየቱ የሚጠቅመው።

ሰዓት ይዞ መለካት

«ይዘገያል» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ስንት ሰከንድ? መኪናውን በደልዳላ ስፍራ ያቁሙ። በጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ ያድርጉ፤ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፤ የእግር ፍሬኑን አጥብቀው ይርገጡ። ከመኪናው ፊትም ሆነ ኋላ ሰው እንዳይኖር ይጠንቀቁ። የአየር ማቀዝቀዣውን ያጥፉ። ነዳጅ ሳይሰጡ፣ ሞተሩ መካኒኮች «ሚኒሞ» በሚሉት ዝቅተኛ ዙሩ ላይ እያለ፣ ዱላውን ከ«ኤን» ወደ «ዲ» ያስገቡ። ዱላው ከገባበት ጊዜ አንሥቶ መኪናው መጠነኛ ንቅናቄ እስኪያሳይና የሞተሩ ድምፅ ጥቂት ዝቅ እስኪል ድረስ ያለውን ጊዜ ጓደኛዎ በሰዓት ይለካ። ወደ «ኤን» መልሰው አንድ ደቂቃ ያህል ይታገሡና ይድገሙት። ሦስት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ። በ«አር»ም እንደዚሁ ያድርጉ።

ቶዮታ ለባለአራት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮዎቹ ባወጣቸው የጥገና መጻሕፍት የዘይቱ ሙቀት ከ50 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ወደ «ዲ» ሲገባ ከ1.2 ሰከንድ፣ ወደ «አር» ሲገባ ደግሞ ከ1.5 ሰከንድ በታች መሆን እንደሚገባው ተመልክቷል። የሌላ ፋብሪካ መኪና ከሆነ የራሱን መጽሐፍ መመልከት ይገባል፤ ነገር ግን ሞተሩ ሞቆ ሳለ ሁለት ሰከንድና ከዚያ በላይ የሚቈይ መኪና ምርመራ እንደሚያስፈልገው ጥርጥር የለውም። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ጊዜ፣ ዘይቱ ስለሚወፍር ጥቂት ቢዘገይ አያስደንቅም።

የተገኘውን ሁሉ በወረቀት ይጻፉ፤ ቀኑን፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ወይም ሙቅ መሆኑን፣ የ«ዲ»ን ሰከንድና የ«አር»ን ሰከንድ። የመሥሪያ ቤት ሰው መዝገብ መያዝ አይከብደውም!

ዘይቱን መመርመር

ቀጥሎ የሚመጣው ዘይቱ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሞተርን ዘይት እንደሚለካ አድርጎ የካምቢዮውን ዘይት ሞተር አጥፍቶ ይለካል። በብዙ መኪኖች ግን ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ነድተው ካምቢዮውን ያሙቁ፤ በደልዳላ ስፍራ ያቁሙ፤ ሞተሩን ሳያጠፉ ፍሬን ይዘው ዱላውን በየማርሹ ካዘዋወሩ በኋላ ወደ «ፒ» ይመልሱት። ከዚያ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥተው ብናኝ በሌለው ጨርቅ ይጥረጉ፤ መልሰው እስከ መጨረሻው አስገብተው ያውጡና ለሙቅ ዘይት በተደረገው ምልክት ላይ ያንብቡ። የሆንዳ መኪኖች ግን ከዚህ ይለያሉ፤ በእነርሱ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ከአንድ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ይለካል። በአዳዲስ መኪኖች ደግሞ ጭራሹን ዘንግ የሌላቸው አሉ፤ እነዚህ በጋራዥ፣ የዘይቱ ሙቀት እየታየ በቡሽ በኩል ይለካሉ።

የካምቢዮ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት በሥራ ላይ እየነደደ የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ ጐድሎ ከተገኘ የሚፈስስበት ቦታ አለ ማለት ነው። መኪናው ያደረበትን መሬት ይመልከቱ፤ ከገንዳው መጋጠሚያ፣ ከጎማ ዘንጉ ጎሚኒ፣ ወይም ወደ ራዲያተሩ ከሚሄዱት ቱቦዎች ቀይ ነጠብጣብ ሊገኝ ይችላል። ዘይት ጨምሮ ፍሳሹን መተው በተቀደደ ኪስ ገንዘብ እንደ መያዝ ነው። ነገር ግን «ይብዛለት» ብሎ ከምልክቱ በላይ መሙላትም ጥፋት ነው፤ ትርፉ ዘይት በሚዞሩት ጥርሶች እየተመታ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት ስለማይሸከም ማርሹን መልሶ ያዘገየዋል።

ልኩን ካዩ በኋላ መልኩንና ሽታውን ይመርምሩ። በነጭ ወረቀት ላይ ሲንጠባጠብ ቀይና ንጹሕ ከሆነ መልካም ነው። ከጠቈረና የተቃጠለ ነገር የሚሸት ከሆነ ዲስኮቹ መንሸራተት ጀምረዋል። ወተት እንደ ተቀላቀለበት ነጣ ያለ ሮዝ ከሆነ የራዲያተሩ ውሃ ወደ ካምቢዮው ገብቷል፤ ይህ ሲታይ መኪናውን መንዳት ማቆም ይገባል።

የዘይቱንም ዓይነት ነገር አንዘንጋ። «ዘይት ዘይት ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ አይስሙት። እያንዳንዱ ካምቢዮ በመጽሐፉ ወይም በዘንጉ ላይ የተጻፈለት ዓይነት አለው። ይልቁንም ለጃፓን ገበያ ከተሠሩት፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ከወጡት ሁለተኛ ትውልድ ቪትዞች ብዙዎቹ «ሲቪቲ» የተባለው፣ በብረት ቀበቶ የሚሠራ ካምቢዮ ያላቸው ናቸው። ይህ የራሱ ልዩ ዘይት አለው፤ የተራ አውቶማቲክ ዘይት የተጨመረበት እንደ ሆነ ቀበቶውና ፑሊው ይጎዳሉ። ከላይ የጠቀስናቸው ሰከንዶችም ለባለአራት ማርሾቹ እንጂ ለሲቪቲ የተነገሩ አይደሉም።

ምልክቱን ማንበብ

ዘይቱ ልክና ንጹሕ ሆኖ ሳለ ማርሹ ከዘገየ፣ አሁን የጻፉትን ወረቀት ያውጡ።

አንደኛ፤ የሚዘገየው ጧት በመጀመሪያው ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ደኅና ከሆነ፣ ሌሊቱን ዘይቱ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ካለው ኮንቨርተር ወደ ገንዳው እየተመለሰ አድሮ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ሞተሩን አስነሥተው አንድ ሁለት ደቂቃ በ«ኤን» ያቈዩትና ያስገቡት። ያን ጊዜ ሳይዘገይ ከያዘ ግምቱ ትክክል ነው። እንዲህ ያለው መኪና በክትትል ብዙ ጊዜ ሊያገለግል ይችላል።

ሁለተኛ፤ ሲቀዘቅዝ ዘግይቶ ሲሞቅ የሚሻለው መኪና ጎሚኒዎቹ በእርጅና የደረቁበት ሊሆን ይችላል፤ ሙቀት ሲያገኙ ስለሚለሰልሱ ይዘጋሉ።

ሦስተኛ፤ ሲቀዘቅዝ ደኅና ሆኖ ሲሞቅ የሚዘገየው ይበልጥ ያሳስባል። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ በተበላ ፓምፕና በላላ ጎሚኒ በኩል ያመልጣል።

አራተኛ፤ «ዲ» ብቻ ዘግይቶ «አር» ደኅና ከሆነ ሕመሙ ለፊት ጉዞ በሚይዘው ፍሪሲዮን አጠገብ ነው። «አር» ብቻ ከዘገየ የኋላ ማርሹን የሚይዙት ክፍሎች ይጠረጠራሉ። ሁለቱም እኩል ከዘገዩ ግን ነገሩ ለሁለቱም የጋራ ከሆነው ከዘይቱ መጠን፣ ከፊልትሮው፣ ከፓምፑ ወይም ከጠቅላላው ግፊት ነው። የሞተሩ ሚኒሞ ከልክ በታች ከወረደም ፓምፑ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ግፊቱ ያንሳል።

አምስተኛ፤ ዱላው «ዲ» ላይ ሆኖ አልያዘም ሲሉ፣ ጥቂት ወደፊት ወይም ወደኋላ ገፋ ሲያደርጉት የሚይዝ ከሆነ ገመዱ ይስተካከል። ከሁሉ የሚረክሰው ጥገና ይህ ነው።

በዚህም ላይ መዘግየትንና መምታትን አያምታቱ። ማርሹ በጊዜው ይዞ ነገር ግን ኃይለኛ ድምፅ ካሰማ፣ ጥፋቱ ሞተሩን የሚሸከመው ጎሚኒ መበጠሱ ሊሆን ይችላል።

ወደ መካኒኩ ሲሄዱ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። መካኒኩን «ካምቢዮው አስቸግሮኛል» አይበሉት፤ «ሞቆ ሳለ በ«ዲ» ሁለት ሰከንድ ተኩል ይዘገያል፤ በ«አር» ግን ደኅና ነው፤ ዘይቱ ልክ ነው» ይበሉት። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ይህን ሲሰማ ያከብርዎታል፤ የማያውቀውም ቢሆን እንደ ፈለገ አይናገርዎትም።

ከዚያም ሥራው በተራ እንዲሄድ ይጠይቁ። መጀመሪያ ገንዳው ወርዶ ዘይቱና ፊልትሮው ይለወጥ። ገንዳው ሲወርድ እርስዎ እዚያው ይገኙ። በገንዳው ውስጥ ባለው ማግኔት ላይ የተጣበቀ ልም ግራጫ ዝቃጭ የተለመደ ነው፤ የብረት ስብርባሪ ወይም ብዙ ጥቁር ፍርፋሪ ከታየ ግን ካምቢዮው ከውስጥ ተጎድቷል። ገንዳው ሲወርድ የሚወጣው ዘይት ጥቂቱ ብቻ መሆኑን ይወቁ፤ ቀሪው በኮንቨርተሩና በልዩ ልዩ ክፍሎች ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የወጣው ተለክቶ ያን ያህል ይመለስና በኋላ ልኩ እንደ ገና ይታይ።

ይህ ካላዳነው ሁለተኛው ነገር የግፊት መለኪያ ነው። በካምቢዮው አካል ላይ ለዚሁ የተዘጋጀ ቀዳዳ አለ፤ መለኪያው እዚያ ታስሮ የተገኘው ቍጥር ከመጽሐፉ ጋር ይነጻጸራል። በኮምፒዩተር የሚደረገውም ምርመራ ይጠቅማል፤ ሶሌኖይድ የሚባሉት በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ ቫልቮች ጕድለት ካላቸው ሊያሳይ ይችላል። ነገር ግን የደረቀ ጎሚኒ ለኮምፒዩተሩ አቤቱታ አያቀርብም፤ «ኮምፒዩተሩ ምንም አላለም» ማለት «ጤነኛ ነው» ማለት አይደለም። ካምቢዮውን ማውረድ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ፍሬን ተይዞ ነዳጅ እስከ መጨረሻ የሚረገጥበት አንድ ሌላ ፈተና አለ። ይህ ከአምስት ሰከንድ በላይ ከቈየ ዘይቱን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ለባለሙያ ይተዉት። ጎሚኒ ያለሰልሳል ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውም መድኃኒት ለጊዜው ሊያሻሽል ይችላል፤ የተበላ ዲስክ ግን አይመልስም።

ለሚገዛ ሰው

ያገለገለ አውቶማቲክ መኪና ሊገዙ ሲሄዱ ሻጩ ወይም ደላላው ሞተሩን አስነሥቶ ከጠበቀዎ በዚያን ቀን አይዋዋሉ። የሞቀ ካምቢዮ የጧቱን ሕመም ይደብቃል። «ነገ ማለዳ ሳይነሣ ልየው» ይበሉ። ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ይዳስሱ፤ ቀዝቃዛ ይሁን። ከዚያ ሰዓትዎን ይዘው «ዲ»ንና «አር»ን ይለኩ። ከዚያም ሃያ ደቂቃ ነድተው ሲሞቅ ይድገሙት። መኪናው ቢዘገይ ፈጽሞ አይገዛ ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን ዋጋው ላይ መነጋገር የሚቻለው ቀብዱ ከመከፈሉ በፊት ነው።

በመጨረሻም ከገንዘቡ የሚበልጥ ነገር አለ። ማርሹ ሲዘገይ ነጂ ሁሉ ባለመታገሥ ነዳጅ ይረግጣል። ያን ጊዜ ሞተሩ ይጮኻል፤ ፍሪሲዮኑ በዚያ ፍጥነት ሳለ በድንገት ይይዛል፤ መኪናውም ይዘልላል። በዲስኮቹ ላይ የሚደርሰው መቃጠል ይቅርና በጠባብ ግቢ ውስጥ ወደኋላ ሲወጡ ከኋላ ሕፃን ቆሞ ሊሆን ይችላል። በዳገት ላይ ደግሞ ማርሹ ሳይዝ ፍሬኑ ከተለቀቀ መኪናው ወደኋላ ይንሸራተታል። ስለዚህ መኪናዎ እስኪጠገን ድረስ ይህን ሕግ ያድርጉ፤ ማርሹ መያዙ በሰውነትዎ እስኪሰማዎ ድረስ እግርዎ ከፍሬኑ አይነሣ፤ ነዳጅም አይነካ፤ በዳገት የእጅ ፍሬኑ ይያዝ። ይህን ሁሉ የሚሰጡት ለሁለት ሰከንድ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውም በጊዜው ለደረሰ ሰው ነውና፣ በሚመጣው ቅዳሜ ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ሰዓትዎንና ጨርቅዎን ይዘው ይውረዱ።